መንፈስ ነው ወይስ በሽታ? ስለ አእምሮ ሕመም የሚነሡ ተቃራኒ አስተያየቶች



በዚህ እትም እንድንጽፍበት የተሰጠን ርእስ ከእናንተው ከአባላት የመጣ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም «የሰው አእምሮ ሲታወክ መንፈስ ነው ወይስ በሽታ? ወደ ጠበል ይወሰድ ወይስ ወደ ሐኪም ቤት?» የሚል ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንድ ልጅ ድንገት ብቻውን ማውራት፣ እንቅልፍ ማጣትና የገዛ ዘመዱን መጠርጠር ሲጀምር ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከረው በዚሁ ነው። አባት «ጠበል» ይላል፤ አጎት «ሐኪም» ይላል፤ ጎረቤት ደግሞ በጆሮ ጠጋ ብሎ «አዋቂ ዘንድ ብትወስዱትስ?» ይላል። እኛም በዩኒቨርሲቲ አብኖርማል ሳይኮሎጂ የሚባለውን የአእምሮ መታወክ ትምህርት ስንከታተል፣ ጉዳዩ ሊቃውንቱም ራሳቸው የሚከራከሩበት ሆኖ አግኝተነዋል። እንግዲህ የየወገኑን አሳብ ከነማስረጃው እናቀርባለን፤ የራሳችንንም አስተያየት አንደብቅም።

አስቀድመን ከአገራችን ቃላት እንጀምር። በእኛ አካባቢ ለአእምሮ መታወክ አንድ ስም ብቻ የለውም። ዓይነ ጥላ የተጠናወተው አለ፤ ቡዳ የበላው አለ፤ ዛር ያለበት አለ፤ ጋኔን የለከፈው አለ፤ አልፎ አልፎ ወፈፍ የሚያደርገው አለ፤ ለይቶለት ያበደም አለ። እያንዳንዱ ስም የራሱ መድኃኒትና የራሱ መድኃኒተኛ አለው። ቡዳ የበላው ሰው ጢስ ይታጠናል። ዛር ላለበት ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጤሳል፣ ከበሮ ይመታል። ጋኔን ለያዘው ጠበልና መስቀል ነው። ከዚህ የምንረዳው ነገር ቢኖር፣ አባቶቻችን የታወከውን ሰው ሁሉ በአንድ ጆንያ አለመክተታቸውን ነው። ይለዩ ነበር። በዘመናዊው ትምህርት «ዲያግኖሲስ» የሚባለው ሥራ፣ ትክክል ይሁንም አይሁን፣ በእኛም አገር የቆየ ነው።

ጋይንት የሊቃውንት አገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ የማይጎርፍ ደቀ መዝሙር አልነበረም። ታዲያ በዚህ በትምህርት አገር «ትምህርት አሳበደው» ወይም «አስማት ደግሞ ነው ያበደው» የሚል ነገር በየቤቱ ይሰማል። ይህ አነጋገር ከየት መጣ ብለን ስንመረምር አንድ ልብ የሚባል ነገር አገኘን። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው፣ ሰው የሌለ ድምፅ የሚያሰማውና አሳብን የሚያዛባው ከባድ ሕመም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአሥራዎቹ ዕድሜ ማብቂያ እስከ ሠላሳዎቹ መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። ይህ ደግሞ ተማሪው ከቤቱ ርቆ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ሌሊት እየቀጸለ የሚማርበት ዕድሜ ነው። የዛሬው ተማሪም ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በዚሁ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ትምህርቱና ሕመሙ በአንድ ወቅት ስለተገናኙ፣ አንዱ የሌላው ምክንያት መስሎ ይታያል። ርሃብ፣ እንቅልፍ ማጣትና ብቸኝነት ሕመሙን ሊያባብሱ ይችላሉ፤ ድጓው ግን አላሳበደውም።

ዛር፦ ደዌ ነው፣ መድኃኒት ነው፣ ወይስ ትርኢት?

ስለ እኛው አካባቢ ከተጻፉት ነገሮች ሁሉ በውጭ ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ያከራከረው ዛር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ካቋረጠ የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ገብቶ ነበር። በዚያም መልካም አያሁ ከተባለች የታወቀች ባለ ዛር ቤት እየተመላለሰ ያየውን ሁሉ ይጽፍ ጀመር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ባሳተመው መጽሐፍ የዛርን ነገር ከቲያትር ጋር አነጻጽሮታል። ሆኖም ማስመሰል ነው ብሎ አላቃለለውም። ሰዎቹ የሚኖሩበት ቲያትር እንጂ ለተመልካች የሚያሳዩት አይደለም ባይ ነው። በዚያው በ1958 ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ፣ ዛር ቤት በኅብረት የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ በተለይ በባልዋና በኑሮዋ የተገፋች ሴት የምትደመጥበት ቦታ ነው የሚል ጥናት አወጣ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የሕመሞች መዝገብ፣ ዛርን በስሙ ጠርቶ «በአንዳንድ አገር ባህል ብቻ የሚታይ የአእምሮ መታወክ» ከሚላቸው መካከል አስገባው። በ2013 በወጣው በሚቀጥለው እትም ግን ዛር ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ አንዱ ትርኢት አለው፣ ሌላው ሕክምና አለው፣ ሦስተኛው በሽታ ብሎ መዘገበውና ተወው። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ርኩስ መንፈስ ትለዋለች፤ ለዛር መገበርንም ታወግዛለች። የጎንደሯ ባለ ዛር ብትጠየቅ ኖሮ ከአራቱም ጋር የምትስማማ አይመስለንም።

በዚህ ክርክር ውስጥ የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው በ11ኛው የበሽታዎች መዝገብ፣ መንፈስ ያዘኝ ማለት ብቻውን በሽታ ተብሎ አይጻፍም። በሽታ የሚባለው ነገሩ ከሰውየው ፈቃድ ውጭ ሆኖ፣ የአገሩና የሃይማኖቱ ሰዎች ከሚቀበሉት ሥርዓት ውጭ ሆኖ፣ ሰውየውን የሚያስጨንቀውና ሥራውንና ኑሮውን የሚያበላሽበት ሲሆን ነው። በሌላ አነጋገር በጠበል ቦታ መስቀል ሲነካት የጮኸችና ማግስቱን ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ የምትውል ሴት በመዝገቡ መሠረት በሽተኛ አይደለችም። ሃይማኖተኛውን ሁሉ ሳይንስ «ዕብድ» ይለዋል የምትሉ ወንድሞች ይህን ልብ በሉልን።

የሁለቱ ወገን ክርክር

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። «መንፈስ ነው» የሚለውን ወገን ካለማወቅ የመጣ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ይህ ወገን ጠንካራ ነገር አለው። ልጁ «እገድልሃለሁ» ብሎ አባቱ ላይ ድንጋይ ቢያነሣ፣ አባት «የተናገረው ልጄ አይደለም፣ ያደረበት ነው» ይላል። ልጁንና ክፉውን ነገር ይለያቸዋል፤ ክፉውን እየጠላ ልጁን እንደወደደ ይኖራል። በጠበል ቦታም በሽተኛው ብቻውን አይጣልም። እናቱ አብራው ትሰነብታለች፤ ጠበልተኛው ሁሉ ስሙን ጠርቶ ይጸልይለታል፤ ቀኑ ሰዓት አለው፣ ሥርዓት አለው። ዳነም የሚባለው በሕዝብ ፊት ስለሆነ ተመልሶ ሰው ለመሆን መንገዱ ክፍት ነው። ከሆስፒታል የወጣ ሰው ግን ወረቀት ይዞ ይመጣል እንጂ «ድኗል» ብሎ እልል የሚልለት የለም።

«በሽታ ነው» የሚለውም ወገን ማስረጃው ቀላል አይደለም። የሚጥል በሽታን እንውሰድ። ከዛሬ 2400 ዓመት ገደማ በፊት በሂፖክራጥስ ስም በተጻፈ የግሪክ ድርሳን ውስጥ፣ ይህ ደዌ ከሌላው ደዌ ይልቅ የአማልክት ሥራ የሚባልበት ምክንያት የለም፣ ከአንጎል የሚመጣ ነው ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የሰው አንጎል የሚያወጣውን የኤሌክትሪክ ንዝረት በወረቀት ላይ መቅዳት መቻሉን ካስታወቀ በኋላ ነገሩ በዓይን የሚታይ ሆነ። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ክኒን ደግሞ ከ1912 ጀምሮ መጣሉን ሲያስታግስ ኖሯል። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉትና በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት ታውቋል። በአንድ ቀበሌ 4000 ሰው ቢኖር 20 ሰው ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ ሰው ሲወድቅ «ለሃጩ ይጋባል» ተብሎ ስለሚሸሽ፣ ምድጃ ላይ የወደቀውን የሚያነሣው ጠፍቶ እሳት የበላው ብዙ ነው። በዚህ ላይ ምንም ክርክር አያስፈልግም። መንፈስም ይሁን በሽታ፣ ከእሳት የሚወጣው በሰው እጅ ነው፤ ለሃጩም አይጋባም።

ለስኪዞፍሬንያም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ላይ ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ዓመታት በሆስፒታል ተቆልፈው የኖሩ ሰዎች ወደየቤታቸው መመለስ ችለዋል። መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው ቢያምንም ባያምንም የሚሰማው ድምፅ ሲቀንስለት ታይቷል። ሆኖም ሐኪሞቹ ሁሉን ያውቃሉ ማለታችን አይደለም። ለስኪዞፍሬንያ እስካሁን በደም ምርመራ ወይም በራጅ ተለይቶ የሚታወቅ ምልክት አልተገኘለትም፤ የሚታወቀው በመጠየቅና በማየት ነው። መድኃኒቱም ይከብዳል። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ሰውነት ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ያፈዝዛል። «መድኃኒቱ አደነዘዘው» የሚሉ እናቶች የሐሰት አልተናገሩም።

ሦስተኛ ወገንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ቶማስ ሳስ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ የአእምሮ በሽታ የሚባል ነገር ተረት ነው፣ ያለው የኑሮ ችግር ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። በ1973 ደግሞ ዴቪድ ሮዘንሐን የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር፣ ጤነኛ ሰዎች «ድምፅ ይሰማናል» ብለው በመዋሸት 12 የአሜሪካ ሆስፒታሎች እንደገቡና ሐኪሞቹ ጤነኛ መሆናቸውን መለየት እንዳልቻሉ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። ይህ ጽሑፍ እስከ ዛሬ በየክፍሉ ይነገራል፤ መምህራን ይወዱታል። ነገር ግን ሱዛና ካሃላን የተባለች ጋዜጠኛ በ2019 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የሮዘንሐን ወረቀቶችና የጥናቱ ታሪክ እንደማይገጣጠሙ አሳይታ ከባድ ጥርጣሬ ጥላበታለች። እኛም የሳስን አሳብ ባለጠጋ አገር የሚችለው ክርክር አድርገን እናየዋለን። ሆስፒታል የሞላበት አገር ሐኪም በዝቷል ብሎ ሊከራከር ይችላል። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ በኖረበት፣ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም በአገር ውስጥ ማሠልጠን በ2003 እ.ኤ.አ. በተጀመረበት አገር ግን፣ የወገዳ ሰው የሚያማርረው ሐኪም በማጣት እንጂ በሐኪም ብዛት አይደለም።

ቡታጅራ ምን አሳየን?

በዚህ ላይ «የገጠር ኑሮ ራሱ መድኃኒት ነው» የሚል ደስ የሚያሰኝ አሳብ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ እንደ ናይጄሪያና ሕንድ ባሉ አገሮች የሚኖሩ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ከአውሮፓውያኑ የተሻለ ያገግማሉ የሚል ውጤት አገኘ። ምክንያቱ ዘመድ አዝማድ ስላለ፣ ሥራው የእርሻ ስለሆነ፣ ሰው ስለማይገለል ነው ተባለ። ለእኛ ለአፍሪካውያን ኩራት የሚሰጥ ወሬ ነበርና ብዙ ሰው ወደደው።

ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ግን ዝም አላሉም። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ከ68,000 በላይ ሰው መርምረው ያገኟቸውን ሕሙማን ለዓመታት ተከታተሉ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ የገጠር ኑሮ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያድን ለማየት የተመቸ ጥናት ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዲህ ነው፦ ሲሶ ያህሉ ሕመሙ ሳያቋርጥባቸው ከረመ፤ ጊዜውን ከሞላ ጎደል ያለ ምንም ምልክት ያሳለፉት ከመቶ 6 አይሞሉም። በ2015 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታትሎ 121ዱ መሞታቸውን አሳየ። ዕድሜያቸው ሊደርስበት ከሚገባው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው የሞቱት።

በምን ሞቱ? ይህን ጥያቄ ወንድሞች ቆም ብላችሁ አስቡበት። ራሳቸውን የገደሉ፣ አደጋ የደረሰባቸውና በሰው እጅ የጠፉ አሉ። ግማሽ ያህሉን የገደለው ግን ተላላፊ በሽታ ነው። ሌላው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚድንበት በሽታ እነዚህን ገደላቸው። ዕብድ ሲያስል «ያው እንደ ልማዱ ነው» ይባላል፤ ማንም ደረቱን አያዳምጥለትም። እንግዲህ በመንፈስና በበሽታ ስንከራከር ሰውየው በሳንባ ምች ይሞታል ማለት ነው። እኛ የዚህን ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ እናስቀምጣለን፦ የሕመምተኛውን ዕድል የሚወስነው ሕመሙ ምን ተብሎ እንደተጠራ ብቻ ሳይሆን፣ እኛ ስም ስንፈልግ እርሱ ምን ያህል እንደቆየና በቆየበት ጊዜ ምን እንደተደረገበት ነው።

ስለ እግረ ሙቅ

ከተደረገበትም ነገር አንዱ እግረ ሙቅና ሰንሰለት ነው። በአካባቢያችን አንድ የታሰረ ሰው ያላየ አባል ያለ አይመስለንም። በምሰሶ ላይ፣ በጓሮ ዛፍ ላይ፣ በጠበል ቦታም ታስሮ ይታያል። «ይህ ጭካኔ ነው» የሚል ወገን አለ፤ «ካልታሰረ ገደል ይገባል» የሚልም አለ። የስማዳን ገደል የሚያውቅ ሁለተኛውን አሳብ በቀላሉ አይንቀውም። በሶዶ ወረዳ የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም፣ ቤተሰቦች የሚያስሩት ከጥላቻ ሳይሆን አማራጭ ከማጣት መሆኑን፣ ሲያስሩም እያለቀሱ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ እናትን «ልጅሽን ለምን አሰርሽ?» ብሎ መውቀስ ብቻውን የትም አያደርስም።

ታዲያ በዚያው በሶዶ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ስለ አእምሮ ሕመም አጭር ሥልጠና ወስደው ሕክምናው በአቅራቢያ ሲጀመር ምን ሆነ? ከሕሙማኑ መካከል ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ታስረው የነበሩት ከአራት አንድ ያህል ነበሩ፤ ሕክምናው ዓመት ሲሞላው ከአሥር አንድ ገደማ ሆኑ። በስብከት ወይም በሕግ የመጣ ለውጥ አይደለም። መድኃኒቱ የአንድ ቀን መንገድ ከመሄድ ይልቅ በአቅራቢያ በመገኘቱ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ እንዲህ ያለው የጤና ጣቢያ ክትትል በሠለጠኑ የሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው በውጤቱ እንደማያንስ አረጋግጧል። ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ድረስ መሄድ የማይችል የታች ጋይንትና የስማዳ ገበሬ ተስፋው ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። በቡታጅራ ሕሙማን መድኃኒት የሚያቋርጡት ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠና፣ አንዱ ምክንያት ምግብ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ያስርባል፤ ቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም። በሴፍቲኔት እህል ዓመቱን ለሚገፋ የእኛ አካባቢ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ክኒን ብቻ ሰጥቶ መላክ ግማሽ ሕክምና ነው።

ከጦርነት በኋላ የመጣው ክርክር

እስካሁን የተናገርነው ከጥንት ጀምሮ ስላለው ሕመም ነው። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ግን በጋይንት ሌላ ጥያቄ መጥቷል። በዚያ ዓመት በነሐሴ ነፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀን በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ነበረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ባወጣው ዘገባ፣ በእነዚያ ቀናት የተደፈሩ 16 ሴቶችን ቃል አሰምቷል። ሆስፒታሉም ስለተጎዳና ስለተዘረፈ የሚገባቸውን ሕክምና እንዳላገኙ ገልጿል። የማይተኙ፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ፣ ሰው የማያዩ ሴቶች በመካከላችን አሉ። ስማቸውን ማወቅ የእኛ ሥራ አይደለም።

ሐኪሞች ይህን «ድኅረ ሰቀቀን ጭንቀት» ይሉታል። ስሙ በአሜሪካኖቹ መዝገብ የገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ነገር ካስጨነቀ በኋላ ነው። ዴሬክ ሰመርፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ግን በ2001፣ ይህ የጦርነትን ግፍ ወደ ግለሰብ በሽታ የሚለውጥ ስም ነው፣ የተበደለ ሰው የሚፈልገው ፍትሕና ኑሮውን መልሶ ማግኘት ነው ብሎ ተከራከረ። እኛ በዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን እንይዛለን። የተበደለችን ሴት «በሽተኛ ነሽ» ብሎ መላክ በደሉን መሸፈን ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ያልተኛችን ሴት «ፍትሕ ጠብቂ» ብሎ ማስቀመጥም ሌላ በደል ነው። «ርኩስ መንፈስ ገባባት» የሚለውን ግን በዚህ ቦታ አጥብቀን እንቃወማለን። የደረሰባት ነገር በሰው እጅ የተሠራ ነው፤ ወደ መንፈስ ሲዞር ኀፍረቱ በእርስዋ ላይ ይቀራል።

ጠበልና መድኃኒት

የተነሣንበት ጥያቄ ላይ እንመለስ፦ ጠበል ወይስ ሐኪም ቤት? «ወይስ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ጎድቷል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ወደ ጌታችን ያመጧቸው ሕሙማን ሲቆጠሩ፣ አጋንንት ያደረባቸውና በየጊዜው የሚጥላቸው ለየብቻ ተጠርተዋል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንጦጦ ጠበልተኞች የኤችአይቪን መድኃኒት ያቋርጡ አያቋርጡ የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለሆኑ አይጣሉም ሲሉ በግልጽ ተናግረዋል። በኤችአይቪ ያልተጣላ በአእምሮ ሕመም የሚጣላበት ምክንያት አይታየንም። በአዲስ አበባም የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የጠበል አገልጋዮች ተባብረው ሕሙማንን ስለረዱበት አሠራር በ2021 የታተመ ጥናት አለ።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻም አይደለም። በቤልጅግ ጌል የምትባል ከተማ አለች። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የቅድስት ዲምፍናን መታሰቢያ ለመሳለም የሚመጡ የአእምሮ ሕሙማን ሲበዙ፣ የከተማው ሰው በየቤቱ ይቀበላቸው ጀመር። በኋላ ሆስፒታል ሲመጣ ቤተሰቦቹን አላባረረም፤ ሐኪሙ ይከታተላል፣ ቤተሰቡ ያስተዳድራል። ለእንግዳ አልጋውን የሚለቅ የጋይንት ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሆኖም ሁሉንም ነገር «ሁለቱም ጥሩ ነው» ብለን ማለፍ አይገባንም። ሁለቱ በእውነት የሚጋጩበት ቦታ አለ። አንዳንድ ጠበል ቦታ «መድኃኒት ከያዛችሁ ጣሉ፣ እምነታችሁን ያረክሳል» የሚሉ አጥማቂዎች አሉ። መድኃኒቱን ድንገት ያቋረጠ ሰው ሕመሙ ሲያገረሽበት «አሁን ጋኔኑ ጮኸ» ይባልና መባባሱ የፈውስ ምልክት ተደርጎ ይታያል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን ድንገት ማቋረጥ ደግሞ እስከ ሞት ያደርሳል። ሁለተኛው ግጭት ጾም ነው። የተዳከመንና የማይተኛን ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ማዋል አቅሙንም አእምሮውንም ይጎዳል፤ ለሕመምተኛ ጾም እንደሚላላ ደግሞ የንስሐ አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ሦስተኛው መምታት ነው። ጋኔኑን ነው ተብሎ የሚወርደው ጅራፍ የሚያርፈው በልጁ ጀርባ ላይ ነው። በእነዚህ በሦስቱ እኛ ያለ ምንም ማመንታት ከሕመምተኛው ወገን ነን።

ሌላም አለ። በጠበል ቦታ የሚጮኸው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የማይጮኸውን ግን ማንም አያስተውለውም። ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቶ፣ ምግብ እየተወ፣ «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው «ረጋ ያለ ነው» ይባላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አትተዉት፤ ገመድና የተባይ መርዝ ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እንግዲህ ከአባላት መካከል ወንድሙ ወይም እኅቱ የታመመችበት ቢኖር፣ እንዲህ እንዲያደርግ እንመክራለን። አስቀድሞ በወረዳው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበትን ቀን ይጠይቅ፤ ባይኖር ወደየትኛው ሆስፒታል እንደሚላክ ይጠይቅ። በየቀኑ ክኒን መዋጥ ላስቸገረው በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ እንዳለም ይጠይቅ፤ ይህ ጠበል ለሚሰነብት ሰው በጣም የተመቸ ነው። ሳሉንና ትኩሳቱንም ሳይንቁ ያስመርምሩለት። ከዚያ ወደ ጠበል ሲሄዱ የንስሐ አባታቸው አብረው ሄደው፣ ወይም ለአጥማቂው ቃል ልከው፣ መድኃኒቱን እየወሰደ እንዲጠመቅ፣ ቁርሱን እንዲቀምስ፣ እጁ እንዳይታሰር አስቀድመው ይነጋገሩ። ክኒኑን የምትይዝለት እናቱ ትሁን፤ ውኃው እንዳያርሰው በላስቲክ ትጠቅልለው።